«ተሽሎኛል» ተብሎ የሚቆም መድኃኒት

በሸዋሮቢትና በይፋት ቆላ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው አሜባን ነው። አይፈረድበትም። የመስኖ ውሃ አለ፣ ጫቱ ብዙ ጊዜ ሳይታጠብ ይቃማል፣ ቢልሃርዚያም በአካባቢው መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው። እነዚህ በሰገራ ምርመራ ተለይተው በአጭር ጊዜ ሕክምና ይድናሉ። ችግሩ የሚጀምረው በሽታው ከእነዚህ አንዱ ሳይሆን ሲቀር ነው።

አልሰረቲቭ ኮላይቲስ የሚባለው የትልቁ አንጀት ቁስለት የሰውነት መከላከያ ያለ ልክ ተነሥቶ አንጀቱን ሲያቆስል የሚመጣ ሕመም ነው። ለወራት ይተኛል፣ ከዚያ ይነሣል። ሜትሮኒዳዞል ደጋግሞ መዋጥ አያድነውም። በትክክል ለመለየት ኮሎኖስኮፒ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ለብዙው የቆላ ቤተሰብ ጣርማ በርን ወጥቶ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ማለት ነው።

ያን ሁሉ ደክሞና ከስሮ መድኃኒት ያገኘ ሰው ለምን ያቆመዋል? ሐኪሙ «ዘወትር ትወስዳለህ» ይላል፤ ታማሚው የሚሰማው ግን «እስኪሻልህ ትወስዳለህ» የሚለውን ነው። ደሙ ሲቆም በሽታውም የሄደ ይመስላል። በአሜሪካ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሕመማቸው የተኛላቸውን 99 ታካሚዎች ተከታትሎ ነበር። ሜሳላዚን የተባለውን መድኃኒት በአግባቡ ያልወሰዱት፣ ከወሰዱት ይልቅ በሽታው የመመለስ ዕድሉ ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖባቸዋል።

እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሮብ ሆርን ጉዳዩን በሚዛን ይገልጸዋል። በአንድ በኩል «መድኃኒቱ ያስፈልገኛል ወይ?» የሚለው፣ በሌላው «ይጎዳኝ ይሆን?» የሚለው ሥጋት ይቀመጣል። ሥጋቱ ሲከብድ ኪኒኑ ይቀራል። ስለዚህ ታማሚውን ዝንጉ ብሎ መውቀስ ብዙ አይጠቅምም፤ ምን እንደፈራ መጠየቅ ይሻላል። ሰልፋሳላዚን ሽንትን ብርቱካንማ ያደርጋል፤ ያልተነገረው ሰው ኩላሊቴ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። በወንዶች ላይ የዘር ፍሬ ቁጥርን ሊቀንስም ይችላል፤ ግን መድኃኒቱ ሲለወጥ ይመለሳል። አዲስ ያገባ ወጣት ይህን አፍሮ ሳይጠይቅ ዝም ብሎ ሊያቆም ይችላል።

ጥቁር አዝሙድ፣ ማር፣ ሩቅያ የሚጠቀሙም አሉ። ዱዓና ሩቅያ ከኪኒን ጋር አይጣሉም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዝዘዋል። የሚያሳስበው አንዱ ሌላውን ሲያስጥል፣ ወይም ምን እንዳለበት ያልታወቀ ዱቄት ከሐኪም ተደብቆ ሲወሰድ ነው።

ረመዳን ሲገባ ጥያቄው ይበዛል። ሕመሙ የተነሣበትና ደም የሚፈሰው ሰው ቁርኣን ለበሽተኛ የሰጠው ፈቃድ አለው። የተኛለት ደግሞ ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ሜሳላዚንን በቀን አንዴ መውሰድ ሕመሙን አስተኝቶ ለማቆየት ከተከፋፈለው መጠን እንደማያንስ ታይቷል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ከፈቀደ ወደ ኢፍጧር ወይም ሱሑር ማዛወር ይቻላል። በፊንጢጣ የሚገባው መድኃኒት ጾም ያበላሻል ወይ በሚለው ላይ ዑለሞች ኺላፍ አላቸው። ደግነቱ ያ መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ማታ ሊተኙ ሲሉ ስለሆነ ከክርክሩ መውጣት ይቻላል።

መንገዱም አለ። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋሮቢት ሲደርስ የሆነውን ማንም አልረሳም። መድኃኒቱ ከከተማ የሚመጣለት ሰው የመጨረሻው ፍሬ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም፤ ከተቻለ የአንድ ወር ትርፍ በእጁ ቢኖር ጥሩ ነው። በተለይ ለሳምንታት ፕሬድኒሶሎን የወሰደ ሰው በአንድ ጊዜ ሊያቋርጠው አይገባም። ሰውነቱ የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ቀንሷልና በድንገት ሲቆም ሊዝለፈለፍ፣ የደም ግፊቱ ሊወርድና ለሕይወቱ ሊያሰጋው ይችላል። መጠኑ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እያለ ይቀነሳል። ይህንኑ መድኃኒት ሌላ ተቅማጥ ለያዘው ጎረቤት ማካፈልም አደገኛ ነው፤ ያኛው አሜባ ከሆነ ፕሬድኒሶሎን እጅግ ያብሰዋል።