ቅድመ ሁኔታው ሲሳሳት ማን ይከፍላል?

ዕዳ የሚቀነስላት ድሃ አገር ምንም ግዴታ ሊጣልባት አይገባም የሚለውን ሙግት አልቀበለውም። ከዕዳ የተረፈው ገንዘብ ለመሣሪያ መግዣ ወይም ለባለሥልጣን ቪላ እንዳይውል መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ይህን ቀድሞ መጠየቅ ያለበትም የዚያው አገር ግብር ከፋይ ነው። የሚያከራክረኝ ሌላ ነው። አበዳሪ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ ስህተት ሆኖ ሲገኝ ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል?

ታንዛኒያን እንይ። የዓለም ባንክና ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) እ.ኤ.አ. በ1996 ሂፒክ የተባለውን የዕዳ ቅነሳ መርሐ ግብር ጀመሩ። ለታንዛኒያ ከቀረቡት ግዴታዎች አንዱ የዳሬሰላምን የውኃ አገልግሎት ለግል አስተዳዳሪ መስጠት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የእንግሊዝና የጀርመን ኩባንያዎች ያሉበት ሲቲ ዋተር ሥራውን ተረከበ። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ መንግሥት “ግዴታውን አልተወጣም” ብሎ ውሉን አፈረሰ። ክርክሩ ወደ ዓለም አቀፍ ግልግል ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ዳኞቹ ታንዛኒያ የኢንቨስትመንት ስምምነት ጥሳለች ቢሉም ለኩባንያው ካሣ አልፈረዱለትም። ለውኃ ፕሮጀክቱ የተወሰደው ብድር ግን በታንዛኒያውያን ትከሻ ላይ ቀረ። ሐሳቡን የገፉት አበዳሪዎች ከራሳቸው ኪስ አንዲት ሽልንግ አላወጡም።

ዩጋንዳ ውስጥ የሆነው ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የተካሄደ ጥናት መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚልከው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ለትምህርት ቤቶቹ የሚደርሰው 13 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን አሳየ። የተቀረው መንገድ ላይ ይቀር ነበር። መንግሥት የሚላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት ሲጀምር ርዕሰ መምህሩም ወላጁም ስንት እንደተላከላቸው አወቁ፤ የሚደርሰው ድርሻም በብዙ እጥፍ አደገ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1998 በሂፒክ ዕዳ ሲቀነስላት የተረፈውን ገንዘብ ለድህነት ቅነሳ ብቻ በሚውል ልዩ ፈንድ አስቀመጠች። አበዳሪ እንዲህ ያለውን ነገር ቢጠይቅ ቅር አይለኝም፤ ሒሳቡ የሚቀርበው ለዜጋው ነውና። ውኃ በማን ይተዳደር፣ የመንግሥት ባንክ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ የሚለው ግን የመራጩ ሥልጣን ነው።

አበዳሪውም ቢሆን እጁ ንጹሕ አይደለም። አይኤምኤፍ ወደ ዛየር (የዛሬዋ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ) ማዕከላዊ ባንክ ልኳቸው የነበሩት ጀርመናዊው ኤርዊን ብሉመንታል፣ ለአገሪቱ መሪ ለሞቡቱ መንግሥት ያበደረ ገንዘቡን የሚያስመልስበት ተስፋ እንደሌለ እ.ኤ.አ. በ1982 በጽሑፍ አስጠንቅቀው ነበር። ብድሩ ግን ቀጠለ። እያወቀ ያበደረ ወገን ለኮንጎ ሕዝብ የገንዘብ አያያዝ ሲያስተምር ትንሽ ቢያፍር ደግ ነበር።

ወደ እኛ ወደ ኢትዮጵያ እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በዚያው ዕለት አይኤምኤፍ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ። ያለዚህ ፕሮግራም በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ የዕዳ ሽግሽግ ማግኘት አይቻልም ነበር። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለውጡ አያስፈልግም ነበር አልልም፤ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ልዩነት የሚዘልቅ አልነበረም። የምንዛሪ ለውጡን ቀን አስቀድሞ ማወጅም ዶላር ማከማቸትን መጋበዝ ነው። የነዳጅ ድጎማ መቼ ይነሳል፣ ታክሱ በስንት ያድጋል፣ ደመወዝተኛውስ ምን ይካሳል የሚለው ግን ምን ምስጢር አለው? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የብድር ስምምነት በአዋጅ ያጸድቃል፤ ከብድሩ ጋር የሚመጣው ግዴታም በዚያው አዳራሽ ክርክር ሊነሳበት ይገባል። የገንዘብ ሚኒስቴር ከቀጣዩ ግምገማ በፊት የግዴታዎቹን ዝርዝር በአገሪቱ ቋንቋዎች ያውጣ፤ ምክር ቤቱም ሚኒስትሩን ጠርቶ እያንዳንዱ ግዴታ ሳይሠራ ቢቀር ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ይጠይቅ።