ባለአንድ ገጽ ዌብ አፕ፦ ስክሪኑ ሲቀየር አድራሻውስ?

ሽንዲ ያለ የበርበሬ ነጋዴ የቡሬንና የፍኖተ ሰላምን ገበያ ዋጋ በስልኩ የሚያይበት ዌብ አፕ ተሠራለት እንበል። በቀድሞው አሠራር ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ባለፈ ቁጥር ብሮውዘሩ ገጹን እንደ አዲስ ከሰርቨር ይጠይቃል። ኔትወርኩ ከተንቀራፈፈ ስክሪኑ ነጭ እንደሆነ ይቆያል።

ባለአንድ ገጽ ዌብ አፕ ይህን ያስቀራል። መጀመሪያ ሲከፈት ዋናው ኮድ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው የሚመጣው ዋጋው ብቻ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂሜይልና በዓመቱ የተከተለው ጎግል ማፕ አሠራሩን ካስለመዱት መካከል ናቸው።

ጣጣው ሌላ ቦታ ነው። ስክሪኑን የሚቀያይረው ጃቫስክሪፕት ስለሆነ ብሮውዘሩ ነገሩን አያውቅም። ነጋዴው ሦስት ስክሪን አልፎ የስልኩን መመለሻ ቢነካ ከአፑ ጭራሽ ይወጣል። የቡሬን ዋጋ ለሸሪኩ በቴሌግራም ቢልክ፣ ሸሪኩ ዘንድ የሚከፈተው የመጀመሪያው ስክሪን ነው።

ይህን የሚያስተካክለው ራውተር የሚባለው የኮድ ክፍል ነው። ነጋዴው «ቡሬ» የሚለውን ሲነካ ራውተሩ ብሮውዘሩን ገጽ ከመጫን ያግደዋል፤ ፑሽስቴት በተባለው ትእዛዝ አድራሻውን «/በርበሬ/ቡሬ» ያደርግና በብሮውዘሩ የታሪክ መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል፤ ስክሪኑንም ይቀይራል። መመለሻው ሲነካ ደግሞ ብሮውዘሩ ፖፕስቴት በተባለ ምልክት ያሳውቀዋል፤ ራውተሩም አድራሻውን አይቶ የቀደመውን ስክሪን ያወጣል። ፑሽስቴትና ፖፕስቴት ከኤችቲኤምኤል5 ጋር ከመምጣታቸው በፊት ፕሮግራመሮች በአድራሻው ላይ «#» ይቀጥሉ ነበር፤ ከ«#» በኋላ ያለው ቢለወጥ ብሮውዘሩ ገጹን ዳግም አይጭንምና።

ብዙ ጊዜ የሚረሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሪፍሬሽ ነው፦ ብሮውዘሩ አድራሻውን ከሰርቨሩ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ ዘንድ ግን «/በርበሬ/ቡሬ» የሚባል ፋይል ስለሌለ 404 (አልተገኘም) ብሎ ይመልሳል። ለአፑ አድራሻዎች ሁሉ ዋናውን ገጽ እንዲሰጥ አስቀድሞ መታዘዝ አለበት። ሁለተኛው ስክሪን ሪደር (ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀሙ ዓይነ ስውራን ናቸው፦ ገጽ ስላልተጫነ የስክሪኑን መቀየር የሚነግራቸው የለም፤ ፎከሱን (ንባቡ የሚያርፍበትን ቦታ) ወደ አዲሱ ርዕስ ማዛወር የፕሮግራመሩ ድርሻ ነው።

ዌብ አፕ የምትሠሩ ሁሉ ከማስረከባችሁ በፊት መመለሻውን ንኩ፣ ሪፍሬሽ አድርጉ፣ ሊንኩንም ወደ ሌላ ስልክ ላኩ። በሦስቱም ትክክለኛው ስክሪን ካልመጣ ሥራው አላለቀም።