የመኪና አርማና የቆላ ፀሐይ

በመተማ ቆላ በመጋቢትና በሚያዝያ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ቆርቆሮማ ከአየሩም እጅግ ይበልጥ ይግላል። አርማን ከቀለም ጋር የሚያያይዘው ማጣበቂያ ከተጠላለፉ ረጃጅም ሞለኪውሎች የተሠራ በመሆኑ ሲሞቅ ይለሰልሳል። በደጋ በፀጉር ማድረቂያ የሚከናወነውን ሥራ እዚያ ፀሐይ በነፃ ትሠራዋለች።

በካቻቢቴ መፈልቀቅ ግን አይገባም፤ ቀለሙ እስከ ቆርቆሮው ከተጫረ ዝገት ይከተላል። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ከአርማው ሥር አስገብቶ ወዲያና ወዲህ በዝግታ መሳብ ይበጃል፤ ክሩ ጉልበቱን በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ ያሳርፋልና። ማጣበቂያው በድንገት ሲጎተት እንደ ጠጣር ይቋቋማል፣ ቀስ ሲባል ግን እንደ ፈሳሽ ይሳባል። ቆርቆሮውን በስቶ የሚገባ እግር ያለው አርማ በክር አይወጣም። ቅሪቱ፣ ቆርቆሮው ሲበርድ፣ ነጭ ጋዝ በነካው ጨርቅ ይጠረጋል። ከአርማው ሥር የነበረው ቀለም ስላልደበዘዘ ቅርጹ ከዚያም በኋላ ይታያል።