በድምፃቸው የሚለዩ አውቶቡሶች

እንግሊዝ አገር አውቶቡስ ገና ከመታጠፊያው ብቅ ሳይል በድምፁ ብቻ ለይተው የሚጠሩት ሰዎች አሉ። «ጋርድነር ሞተር ነው» ይላል አንዱ። «ነው፤ ግን ካምቢዮውን ስማው፣ ብሪስቶል ነው የመጣው» ይላል አጠገቡ የቆመው። አውቶቡሱ ሲታጠፍ እውነትም ጋርድነር ሞተር የተገጠመለት ብሪስቶል ሆኖ ይገኛል። ሁሉም መካኒኮች አይደሉም። መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ ወይም ፖስተኛ ሆነው ዕድሜያቸውን የጨረሱ ብዙ ናቸው። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ቱታቸውን ለብሰው ስድሳ ሰባ ዓመት ያለፈው አውቶቡስ ሥር ይገባሉ፤ ማታ እጃቸው ግራሶ ጠጥቶ ይወጣሉ። አውቶቡሱ የግላቸው ነው፤ ወይም ከጓደኞቻቸው ጋር ገንዘብ አዋጥተው የገዙት ነው።

የድሮ ቅንጡ መኪና የሚሰበስብ ሀብታም የትም አገር አለ። አውቶቡስ ግን ሠራተኛው ወደ ፋብሪካ፣ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት፣ እናት ወደ ገበያ የሄዱበት የሁሉም ሰው ዕቃ ነው። የነዚህ ሰዎች ናፍቆት የሚመነጨው ከዚያ ይመስለኛል፤ የሚናፍቁት ማሽኑን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ከተማ የራሱ አውቶቡስ የነበረበትን ዘመን ነው።

በ1950ዎቹ (እዚህ የማነሣቸው ዓመታትና ቀኖች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በርሚንግሃም ጥቁር ሰማያዊና ክሬም፣ ሼፊልድ ክሬም ላይ ሰማያዊ መስመር፣ ኤድንብራ ወይን ጠጅና ነጭ፣ ማንቸስተር ቀይ ነበር። እነዚህን የሚያስተዳድራቸው የየከተማው ምክር ቤት ስለሆነ ጎናቸው ላይ የከተማው አርማ ይሣላል። አንድ መንገደኛ ዐይኑን ታስሮ ተወስዶ ቢፈታ፣ የመጀመሪያውን አውቶቡስ አይቶ የት እንዳለ ይናገራል። ልዩነቱ በቀለም አያበቃም። አንዱ ከተማ ከሌይላንድ ይገዛል፣ ሌላው ከሳውዝሆሉ ኤ.ኢ.ሲ፣ ሌላው ከኮቨንትሪው ዳይምለር። ሻንሲውን አንዱ ፋብሪካ ይሠራል፣ ቦዲውን ሌላው ያለብሰዋል፣ ሞተሩ ከሦስተኛው ሊመጣ ይችላል። የዎልቨርሃምፕተኑ ጋይ ኩባንያ ደግሞ በራዲያተሩ አናት ላይ ላባ የደፋ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ አለቃ ራስ ያስቀምጥ ነበር፤ የጋይን አውቶቡስ ልጆች ከሩቅ የሚለዩት በዚያ ነው።

ከዚህ ብዙው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጠረገ። በ1969 በእንግሊዝና በዌልስ በመንግሥት እጅ የነበሩት የአውቶቡስ ኩባንያዎች ናሽናል ባስ ካምፓኒ ሥር ተጠቃለሉ። ከ1972 ጀምሮም ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ወይ ቀይ ወይ አረንጓዴ፣ አገር አቋራጮቹ ነጭ እንዲቀቡ ተወሰነ። ማንቸስተር ከአካባቢው ከተሞች ጋር ተዋህዶ ብርቱካናማና ነጭ ሆነ። መንግሥት ለአዲስ አውቶቡስ መግዣ ድጎማ ሲሰጥም ሾፌሩ ያለ ትኬት ቆራጭ ብቻውን የሚሠራበትን ዓይነት መረጠ። የድሮው ቅርጽ ያበቃለት ያኔ ነው።

የድሮው ቅርጽ የሚባለው ሞተሩ ከፊት የሆነው ነው። ሾፌሩ ከሞተሩ ጎን በቀኝ በኩል በጠባብ ክፍል ብቻውን ይቀመጣል፤ በግራ በኩል ከኩፋኖው በላይ ባዶ ነው። ተሳፋሪው የሚወጣው ከኋላ ሲሆን በር የለም፤ መቆሚያው መድረክና የሚጨበጠው ብረት ብቻ አለ። ሾፌሩና ትኬት ቆራጩ የሚግባቡት በደወል ነው። አንድ ጊዜ ከተደወለ አቁም፣ ሁለት ጊዜ ሂድ፣ ሦስት ጊዜ ሞልቷልና አታቁም ማለት ነው። የለንደኑ ትኬት ቆራጭ ደረቱ ላይ የጊብሰን ማሽን ያነግታል፤ ዋጋውን በጣቱ አስተካክሎ እጀታውን ሲያዞረው ትኬቱ ከባዶ ጥቅል ወረቀት ላይ ታትሞ ይወጣል። ዛሬ በመታሰቢያ ጉዞዎች ላይ ይህንኑ ማሽን ታጥቀው የሚቆሙ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ አሠራሩን የተማሩትም በሥራው ላይ ከኖሩት ነው።

ለንደን ከተነሣ ሩትማስተር ይነሣል። የመጀመሪያው ናሙና ለሕዝብ የታየው በ1954 ነው። የነደፉት የለንደን ትራንስፖርት መሐንዲሶች ከኤ.ኢ.ሲ ጋር ሆነው ሲሆን መልኩን ያወጣለት ዳግላስ ስኮት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ድርጅቱ የሃሊፋክስ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በመሥራት ተሳትፎ ስለነበር ቀላልና ጠንካራ የአሉሚኒየም ሥራ ያውቃል። ስለዚህ ሩትማስተር የተለየ ሻንሲ የለውም፤ ጭነቱን የሚሸከመው ቦዲው ራሱ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው አርቲ የተባለው አውቶቡስ 56 ሰው ሲያስቀምጥ፣ ሩትማስተር ክብደት ሳይጨምር 64 አስቀመጠ። መሪው በኃይል የታገዘ፣ ማርሹ አውቶማቲክ ነበር፤ በዚያ ዘመን ብዙ የቤት መኪና ይህ አልነበረውም። እስከ 1968 ድረስ 2,876 ተሠሩ፤ ከመደበኛ አገልግሎት የወጡት ደግሞ ታኅሣሥ 9 ቀን 2005 በ159 ቁጥር መስመር ላይ ነው። ሃያ ዓመት ያገለግላል ተብሎ ያልተጠበቀ ዕቃ አርባ ዓመት ሲሠራ፣ ያንን ጥንካሬ የሰጠው ለጥገና እንዲመች ሆኖ መነደፉ ነው።

ግን ሩትማስተር ብቻ ሲወደስ ሌሎቹ ይበደላሉ። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ብሪስቶል የተባለው ፋብሪካ የሠራው ሎዴካ ነው። በገጠሩ ብዙ መንገዶች ዝቅ ባለ የባቡር ድልድይ ሥር ስለሚያልፉ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ቁመቱ መቀነስ ነበረበት። የቀድሞው መላ መከረኛ ነበር፤ የላይኛውን ፎቅ መተላለፊያ ወደ አንድ ጎን ገፍተው ዝቅ አደረጉት። ከላይ አራት ሰው በአንድ ወንበር ይደረደራል፤ ከግድግዳው ጥግ ያለው ለመውረድ ሲነሣ ሦስቱን ያስነሣል። ከታች ደግሞ በዚያው ጎን የተቀመጠ ሰው ብድግ ሲል ጭንቅላቱ ከጣሪያው ይጋጫል። ብሪስቶሎች በ1949 ባሳዩት ናሙና ሐሳቡን ገለበጡት። ጣሪያውን ከመጫን ይልቅ ወለሉን አወረዱት፤ የኋላውን አክስል ዝቅ አድርገው ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ ወደ ጎን አሳለፉት። በዚህ የተነሣ ሁለቱም ፎቆች መተላለፊያቸው መሐል ላይ ሆነ፤ ቁመቱም ከድልድዩ በታች ቀረ። ብሪስቶል የመንግሥት ሆኖ ስለነበር እስከ 1965 ድረስ ከመንግሥት ኩባንያዎች በቀር ለማንም መሸጥ አይችልም ነበር። ይህን የመሰለ ብልሃት በዓለም ያልገነነው ለዚህ ነው።

ከአገር አቋራጮቹ መካከል ፍቅሩን ሁሉ የወሰደው ቤድፎርድ ኦቢ ነው። በ1939 ተጀምሮ በጦርነቱ ተቋርጦ እስከ 1951 የተመረተ፣ 29 ሰው የሚያስቀምጥ፣ አፍንጫው ክብ የሆነ ትንሽ የቤንዚን አውቶቡስ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ ብሎ ወደ ባሕር ዳርቻ የወጣበት መኪና ስለሆነ፣ ዛሬ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሰዎች ሲያዩት ፊታቸው ይፈታል። የበጋው መንገድ ምን ያህል ይጨናነቅ እንደነበር ለማወቅ የቼልትናምን ከተማ መጥቀስ ይበቃል። ከየአካባቢው የመጡ አውቶቡሶች እዚያ መናኸሪያ ተገናኝተው ተሳፋሪ ይለዋወጡና፣ ልክ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ባንድ ላይ ተነሥተው በየአቅጣጫው ይበተኑ ነበር። መናኸሪያው በ1980ዎቹ ተዘጋ።

አውቶቡስን ከመቆራረጥ ማዳን የተጀመረው በወጣቶች ነው። ቁጥር የሚመዘግቡ ልጆች ነበሩ፤ አያን አለን የተባለ አሳታሚ የእያንዳንዱን ኩባንያ አውቶቡሶች ቁጥር የያዘ ኪስ የሚገባ መጽሐፍ ያወጣላቸዋል፣ ያዩትን እያሰመሩ ይሄዳሉ። እነዚህ ልጆች ሲያድጉ ያሰመሩበት አውቶቡስ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሲጎተት አዩ። በ1956 ጥቂት ጓደኛሞች በ1929 የተሠራን ቲ31 የተባለ የለንደን አውቶቡስ ከሞት አተረፉ፤ በግል ሰዎች ገንዘብ ከዳኑት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በ1962 ደግሞ የድሮ የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች ከለንደን ወደ ብራይተን የሚነዱበት ዓመታዊ ጉዞ ተጀመረ። ዮርክሺር ውስጥ ባርንስሊ አካባቢ አውቶቡስ የሚቆራርጡ ግቢዎች ነበሩ፤ ብዙ አውቶቡስ አድናቂ መለዋወጫ ፍለጋ በጭቃ ውስጥ የተመላለሰው እዚያ ነው።

የጥገናው ሥራ ከሞተሩ ይልቅ በቦዲው ይከብዳል። የብዙዎቹ አጥንት እንጨት ነው፣ አሽ የሚባለው ዛፍ። ላሜራው ሲገለጥ ከሥር ያለው እንጨት በውኃ በስብሶ በእጅ የሚፈርስ ሆኖ ይገኛል። ያኔ የበሰበሰው ቁራጭ እንዳይበታተን ቀስ ተብሎ ይወጣና ለአዲሱ መለኪያ ይሆናል። የመስኮቱ ጥግ ክብ ስለሆነ፣ የጣሪያው ወገብም ስለሚጎብጥ፣ አንዱ ቁራጭ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም፤ አንድ ጎን ለመጨረስ ክረምት ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። ቀጥሎ ላሜራ፣ ቀጥሎ ቀለም። ጥንቁቆቹ ቀለሙን በብሩሽ ነው የሚቀቡት፤ አንዱ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት እየታሸ ሌላው ይደረብበታል። የወንበሩ ልብስ በድሮው ንድፍ እንዲሸመን ይታዘዛል። ግንባሩ ላይ የመድረሻዎቹ ስም የተጻፈበት ጥቅል ጨርቅም ካልተገኘ አውቶቡሱ አልተሟላም ይባላል።

ከዚያ መንዳት ይመጣል፤ መጀመሪያ ላይ ያነሣሁት ድምፅም የሚሰማው እዚህ ላይ ነው። የብሪስቶሉ ካምቢዮ ጥርሶቹን የሚያስማማ ረዳት የለውም። ሾፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ያወጣል፣ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፣ የሞተሩ ዙር እስኪወርድ ይጠብቃል፣ እንደገና ረግጦ ቀጣዩን ማርሽ ያስገባል። ጋርድነር ደግሞ የማይቸኩል ሞተር ነው። ባለ አምስት ሲሊንደሩ ሰባት ሊትር ሆኖ በደቂቃ ከ1,700 ዙር አያልፍም፣ ጉልበቱም 85 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው፤ ዙሩ ሲወርድም ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ማርሾች መካከል ረጅም ዝምታ አለ። ሾፌሩ ከቸኮለ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ከዘገየም ይንገጫገጫል። ትክክለኛው ጊዜ ላይ ሲገባ ግን ማርሹ ያለ ምንም ድምፅ ቦታውን ይይዛል። ማዳመጥ የሚያውቁት ሰዎች ያንን ዝምታ እየለኩ ነው አውቶቡሱንም የሾፌሩንም ሙያ የሚለዩት።

ይህን ለመስማት ሙዚየም መሄድ ይቻላል። ለንደንና አካባቢው የምትኖሩ አንባቢያን ዌይብሪጅ አጠገብ ብሩክላንድስ የሚገኘውን የለንደን አውቶቡስ ሙዚየም፣ ሰሜን ያላችሁ የማንቸስተሩን የቦይል ስትሪት ሙዚየም ማየት ትችላላችሁ። እኔ ግን የምመክረው ኢምበርን ነው። ኢምበር በሶልስበሪ ሜዳ ላይ የምትገኝ መንደር ስትሆን፣ በ1943 መጨረሻ ሠራዊቱ ለልምምድ ስለፈለጋት ነዋሪዎቿ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም። ከ2009 ጀምሮ በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በነሐሴ አንድ ቀን፣ ከዎርሚንስተር ባቡር ጣቢያ ተነሥተው ወደዚያች መንደር ሕዝብ የሚያመላልሱ አውቶቡሶች ይሰማራሉ፤ አብዛኞቹ ሩትማስተሮች ናቸው። ገቢው ለበጎ አድራጎት ይውላል። ከአስተባባሪዎቹና ከሾፌሮቹ አንዱ የለንደንን ትራንስፖርት ለዓመታት የመሩት ፒተር ሄንዲ ናቸው፤ የራሳቸው ሩትማስተርም አላቸው። የሜዳው ዳገት ላይ ተሳፋሪ ሞልቶ ሲወጣ ነው አውቶቡስ ምን እንደሆነ የሚታየው፤ ሰው ያልጫነ አውቶቡስ ግማሹ ብቻ ነው።

የአድናቂዎቹ ምርጫ በየትውልዱ ይለወጣል። ሰው የሚያድነው በልጅነቱ የተሳፈረበትን ነው። ከ1972 እስከ 1985 ወርኪንግተን ላይ ከሰባት ሺህ በላይ የተሠራው ሌይላንድ ናሽናል፣ የየከተማውን መልክ ያጠፋ ሣጥን ተብሎ በትልልቆቹ ይጠላ ነበር። ዛሬ ሃምሳና ስድሳ ዓመት የሆናቸው ሰዎች ያንኑ ሣጥን ዝገቱን እየፋቁ ይጠግኑታል፤ ሞተሩ ሲያገሣም እንደ አባቶቻቸው ቆመው ያዳምጣሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ይከብዳል። ጋርድነርን መፍቻና ትዕግሥት ያለው ሰው ፈትቶ ይገጥመዋል፤ የጠፋውን ክፍል አስቀርጾ ያሠራል። ማርሹንና ፍሬኑን ኮምፒዩተር የሚያዝበት አውቶቡስ ግን ፕሮግራሙ ከጠፋ ወይም የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ካበቃለት የሚቀረጽ ነገር የለም። የዛሬ ልጆች የሚናፍቁት ይህኛውን ስለሚሆን፣ እሱን ለማዳን ከመፍቻው በተጨማሪ ፕሮግራሙን የሚያነብና የሰሌዳውን ሥዕል የሚያስቀምጥ ሰው ከአሁኑ ያስፈልጋል።