የተማሪው አኩፋዳና የዓይነ ስውሩ ልጅ ፊደል

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር ሕዝቡ ለትምህርት መዋጮ ማውጣትን የጀመረው ዛሬ አይደለም። በጋይንት ያሉት ምስክር ቤቶች፣ ቤተ ልሔም በድጓ፣ ዙር አባም በዝማሬና በመዋሥዕት፣ ተማሪዎቻቸው ሲመገቡ የኖሩት ከየደጃፉ በተለመነ ቁራሽ ነው። ደበሎ የለበሰው ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻውን በበትሩ እየተከላከለ «ስለ ማርያም» ሲል፣ የቤቲቱ እመቤት ከልጆችዋ እንጀራ ቀንሳ ትሰጠዋለች።

ከወገዳ ከተማ ጀምሮ እስከ ገጠሩ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፣ ይህን ያነሣነው ስለ ሌላ ተማሪ ብለን ነው። በቤታችሁ ዓይኑ የማያይ ወይም ጆሮው የማይሰማ ልጅ ቢኖር፣ ከወንድሞቹ ጋር ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳልን? ወይስ እንግዳ በመጣ ጊዜ ወደ ጓዳ ይገባል?

በአብነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት የሚጠናው በማታ ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ የሚያየውና የማያየው እኩል ናቸው፤ የሚፈለገው ጆሮና ልብ ነውና። ከዓይነ ስውራን መካከል የዜማና የቅኔ መምህራን የወጡት በዚህ መንገድ ነው። እውነቱን እንናገር ካልን ግን፣ ይኸው ቤት መስማት ለተሳነው ልጅ አልተመቸም፤ ሴቶች ልጆችም የገቡበት ጥቂቶች ናቸው።

ጥቁር ሰሌዳ ያለበት ክፍል ደግሞ በተቃራኒው ለዓይናማው የተሠራ ነው። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እነዚህ ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር እንዲማሩ ያዛል፤ ነገር ግን ሕጉ ብቻውን መማሪያ መሣሪያ አይሆንም። በ4ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያን ትምህርት ቤት ያስተዳደረው ዓይነ ስውሩ ዲዲሞስ ፊደልን የለየው በእንጨት ላይ የተቀረጸውን በጣቱ እየዳሰሰ ነበር። ይህም ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ባለ ስድስት ነጥቡን ጽሕፈት ከማውጣቱ 1,500 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ታዲያ የመንደራችን አናጢ «ሀ»ን ከእንጨት መቅረጽ ያቅተዋልን? ልጆቹስ ራሳቸው ከጭቃ ቢሠሩት፣ የሚያየውም የማያየውም ባንድነት አይማሩበትምን?

ገንዘብ የሚጠይቀው የብሬል መጻፊያውና ወፍራሙ ወረቀት፣ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህርም ማስመጣት ነው። ይህን አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን አይችለውም። ሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩ ግን በየወሩ መሰብሰባቸው አይቀርም፤ እድሩም ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ አለው። ጠላው ከመቀዳቱ በፊት አንድ ሣህን ቢዞር ማንን ይጎዳል?

ሁለት ነገር ግን አጥብቀን እንለምናለን። የተሰበሰበው ሁሉ በመዝገብ ይጻፍ፤ ወጪውም በወላጆች ፊት ይነበብ። ልጁን ደግሞ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ሲባል በጉባኤ ፊት አታቁሙት። በቤተ ክርስቲያን ደጅ እጁን ዘርግቶ እንዳይቀመጥ የምንማርለትን ልጅ እኛው አስቀድመን ለማኝ ልናደርገው አይገባም።

ጊዜውም ከታኅሣሥ እስከ ጥር፣ እህሉ ከአውድማ ሲገባ ቢሆን ይሻላል፤ በክረምት ጎተራው ይጎድላልና። ገንዘብ የሌለው አንድ ቁና ገብስ ይስፈር፤ አናጢውም የአንድ ቀን ሥራውን ይስጥ።