ትምህርት ቤቱ ስንት አሳለፈ? ብቻ አትበሉ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሐረር ውስጥ የማይቀር ጨዋታ አለ፤ «የትኛው ትምህርት ቤት ነው ብዙ የሚያሳልፈው?» የሚል። ልጅ የወለደውም፣ ታናሽ እህቱን የሚያስተምረውም የየራሱ መልስ አለው። የሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲነሳ ግን «እሱን ተወው» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። እኔ ግን እስቲ ረጋ እንበል እላለሁ።

ውጤት አይታይ አላልኩም። ነገር ግን ቁጥሩም ጉድ አለበት። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ በመውጣቱ ተቋርጦ እንደገና ተሰጥቷል። የ2014ቱ ደግሞ ኩረጃ እንዳይኖር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። ታዲያ ችግሩ የእናንተ ሰፈር ብቻ ነው?

ሌላም አለ። ፈትኖና መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤት ብዙ ቢያሳልፍ ምን ይገርማል? የሰፈሩ ግን የመጣውን ሁሉ ይቀበላል፤ ጠዋት የእናቱን ዕቃ ገበያ አድርሶ የሚመጣውንም። 20 ያመጣ የነበረውን ልጅ 45 ያደረሰ መምህርና 70 ተቀብሎ 70 ያስረከበ መምህር፣ የቱ ነው የሠራው? የደረጃው ሠንጠረዥ ይህን አይነግራችሁም።

ጀጎል ውስጥ ልጇን ሰፈር የምታስተምር አንዲት እናት ይህንኑ ሳነሳባት ሳቀችብኝ። «አቦ አንተ ደግሞ! ልጄ ቤት ጌይ ሲናን፣ ክፍል አማርኛ፣ ገበያ ኦሮምኛ ያወራል። ይሄን ከመቶ ስንት ትሰጠዋለህ?» አለችኝ።

ነገሯ እውነት አለው። ሐረር እ.ኤ.አ. የ2002-2003ን የዩኔስኮ የሰላም ከተሞች ሽልማት ያገኘችው ሕዝቧ ተከባብሮ በመኖሩ ነው። ይህ ኑሮ ደግሞ በደም አይወረስም። ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ከሐረሪው፣ ከኦሮሞው፣ ከአማራው፣ ከጉራጌውና ከሶማሌው ጋር ሲጋፋ ይማረዋል። በክፍያ ተመርጠው የገቡ ልጆች ብቻ ባሉበት ይህን ማግኘት ይከብዳል።

ቢሆንም ፍቅር ብቻውን ፊደል አያስቆጥርም። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ፦

የ3ኛ ክፍል ልጅ ፈልጉና አንድ ገጽ አስነብቡት። ደብተሩንም ግለጡ፤ የመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ እስከ መጨረሻው ገጽ ደርሷል ወይስ ጥቅምት ላይ ቆሟል?

1ኛ ክፍል ከገቡት ስንቱ 8ኛ እንደደረሱ ጠይቁ። መምህር ሲቀር ማን ይተካል? የሴቶች መጸዳጃ ቤት ይቆለፋል? ውኃስ አለው?

በዕረፍት ሰዓት በር ላይ ቆማችሁ እዩ። ልጆቹ ተቀላቅለው ነው የሚጫወቱት ወይስ በየቋንቋቸው ተከፋፍለው?

ጎበዝ፣ የ3ኛ ክፍሉ ልጅ ማንበብ ካቃተው «ሰፈራችን ነው» ብላችሁ ዝም አትበሉ። የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ተነስታችሁ ተናገሩ፤ ካልተስተካከለ ልጁን ይዛችሁ ሌላ ፈልጉ። አንብቦ፣ ደብተሩ ታርሞ፣ ከሁሉም ጋር ከተጫወተ ግን ለወርኃዊ ክፍያ ልታወጡት የነበረውን ገንዘብ መጽሐፍ ግዙበት።