ክሱ ከመጻፉ በፊት ያለችው ሰዓት

በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ፣ ከአጥሩ ሥር ወይም ከመንገዱ ማዶ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አይጠፉም። ባለጉዳዩ ቆሞ ይናገራል፤ ጸሐፊው ይተይባል፤ ወረቀቱ ታትሞ ይወጣል። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ሰው ክሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው እዚህ ነው። ጸሐፊዎቹን ለመውቀስ አይደለም፤ የፍርድ ቤቱን አሠራር አብጠርጥረው የሚያውቁ አሉባቸው። ግን የሚጽፉት የተነገራቸውን ነው፤ ባለጉዳዩ ደግሞ የሚናገረው ያንገበገበውን እንጂ ሕጉ የሚፈልገውን አይደለም።

አንድ የሆቴል አስተናጋጅ እንውሰድ። 7 ዓመት ሠርቷል። አንድ ማታ ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» አለው። ደብዳቤ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ሰውየው ሽማግሌ ላከ፤ ይመልሱኛል ብሎ ጠበቀ፤ ወረዳ ሄደ፤ ከወረዳ ወደ ሌላ ቢሮ ላኩት። እንዲህ ሲል አምስት ወር ነጎደ። በመጨረሻ ክስ አጻፈ፦ «ያላግባብ ስለተባረርኩ ወደ ሥራዬ እንድመለስ ይወሰንልኝ።» ሌላ የጠየቀው ነገር የለም፤ ልቡም የሚፈልገው እሱኑ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ከሥራ ውሉ መቋረጥ የሚመነጭ የገንዘብ ጥያቄ 6 ወር አለው። ስለዚህ ለዚህ ሰው የመመለሻው በር ተዘግቷል። የስንብት ክፍያ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ፣ ላልወሰደው የዓመት ፈቃድ የሚገባው ገንዘብ የሚጠየቅበት በር ግን ገና አንድ ወር ይቀረዋል። እሱ ያንኳኳው የተዘጋውን ነው። ዳኛው አዝኖለት ክፍያውን ልወስንለት ቢል እንኳ እጁ ታስሯል፤ በፍትሐ ብሔር ክርክር ያልተጠየቀ ዳኝነት አይሰጥም። አሠሪው ይርጋውን መቃወሚያ አድርጎ ሲያነሳ፣ ቀጠሮ ሲሰጥ፣ ቀጠሮ ሲለወጥ፣ ስድስተኛው ወርም ያልቃል።

ይህን ለማየት ጠበቃ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። ነጻ የሕግ ድጋፍ ሲባል ብዙዎቻችን ፊት የሚደቀነው ካባ ለብሶ ችሎት ላይ የሚሟገት ሰው ነው፤ በበላ ልበልሃ ዘመን እንደነበረው ነገር አዋቂ በአንደበቱ የሚረታ። የዛሬው ክርክር ግን በብዛት የሚወሰነው ወረቀቱ ላይ ነው። ምን ዳኝነት ተጠየቀ? የምስክሮቹ ስምና የሰነዱ ዝርዝር ከክሱ ጋር ተያይዟል? ያኔ ያልተቆጠረ ማስረጃን በኋላ ላስገባ ማለት አሳማኝ ምክንያት ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም አይሳካም።

ጠበቆች ይህን እርዳታ የሚሰጡት በደግነት ብቻ አይደለም። የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዛል። ከተጠቃሚዎቹ ግንባር ቀደሞቹ መክፈል የማይችሉ ሰዎች ናቸው፤ የበጎ አድራጎት ተቋማትና ፍርድ ቤት ራሱ ጠበቃ የሚጠይቅላቸው ሰዎችም አሉበት። ከዚያ ወዲህ የወጣው የፌዴራል የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249/2013ም ነጻ አገልግሎትን የጠበቃው ግዴታ አድርጎታል።

ታዲያ ግዴታ ከሆነ ምኑን በጎ ፈቃድ ሆነ? መልሱ ቁጥሩ ውስጥ አለ። ሁለት ወንድማማች የሚካሰሱበትን የውርስ ቤት አስቡ፦ ክስ፣ መልስ፣ ምስክር መስማት፣ የባለሙያ ግምት፣ ይግባኝ፣ አፈጻጸም። በየቀጠሮው ተራ እስኪደርስ ኮሪደር ላይ የሚቆመው ጊዜ ሲደመርበት 50 ሰዓቱ በዚያ አንድ መዝገብ ይበላል። ሰዓቱ ሲያልቅ መዝገቡ አያልቅም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የጠበቃው ፈቃድ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከሃምሳው ሰዓት ብዙው ክስ ላልጻፉ ሰዎች ቢውል ይሻላል። በአንድ መዝገብ ዋጋ አርባ አስተናጋጅ በጊዜው ትክክለኛውን በር ያንኳኳል።

እርግጥ እስከ መጨረሻው ካልቆሙለት የማይሆን ጉዳይም አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ልታመልጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ተኩሳ ገደለችው። በሰው መግደል ተከሰሰች። ቤተሰቦቿ ገበሬዎች ናቸው፤ ጠበቃ ከየት ያመጣሉ? ገና አዲስ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን በነጻ ይዞ ተከራከረ፤ ልጅቷም ራሷን ስትከላከል የፈጸመችው ነው ተብሎ በነጻ ተሰናበተች። ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር። ልጅቷ በተጠለፈችበት ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ይድን ዘንድ መንገድ ይተውለት ነበር። በግንቦት 1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያን መንገድ ዘጋው።

የወንጀል ተከሳሽ የሚጠብቀው የጠበቃ በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) መሠረት የመክፈል አቅም ለሌለውና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል፤ እነዚህ በደመወዝ የሚሠሩ ተከላካይ ጠበቆች ናቸው። ተከሳሹ ለዳኛው «ጠበቃ የማቆም አቅም የለኝም» ማለት ይበቃዋል፤ ያፈረ ግን ብዙ ነው። ለፍትሐ ብሔሩ እንደ ጅማ፣ ሐዋሳና ሐረማያ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች የከፈቷቸው የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ፤ መምህራንና ተማሪዎች ይሠሩባቸዋል።

አንድ ነገር ግን ይምታታል። ጠበቃው ነጻ ነው ማለት ፍርድ ቤቱ ነጻ ነው ማለት አይደለም። የገንዘብ ወይም የንብረት ክስ የሚከፍት ሰው የዳኝነት ይከፍላል፤ የክሱ ግምት ሲያድግ ክፍያውም ያድጋል። አቅም የሌለው ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት በደሃ ደንብ ልክሰስ ብሎ ማመልከት ይችላል፤ ያለውን ንብረት ዘርዝሮ ያቀርባል፣ ፍርድ ቤቱም እውነትም ደሃ መሆኑን ያጣራል። ለዚህ ከወረዳ የሚጻፍ የድህነት ማስረጃ ይረዳል። የአሠሪና ሠራተኛ ክርክር ከመጀመሪያውም የዳኝነት አይከፈልበትም፤ አስተናጋጁ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ምናልባት ሽማግሌ በመላክ ያን ያህል ባልቆየ።

ከነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከላቱ በአንዱ አንድ ጠዋት የሚሆነው ይህን ይመስላል። አንዲት እናት የልጅ ቀለብ ጉዳይ ይዘው ይገባሉ። ፌስታላቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲያራግፉት የክትባት ካርድ፣ የመብራት ደረሰኝ፣ የድሮ ፎቶ፣ አራት ታጥፎ ጠርዙ የላላ የፍርድ ቤት ወረቀት ይወጣል። እሳቸው ስለ ሰውየው ክፋት ይጀምራሉ። ጠበቃዋ «ይቆዩኝ እናቴ፣ እመጣበታለሁ» ትልና ወረቀቱን ዘርግታ ግርጌውን ታያለች። ውሳኔ ነው። ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ወዳለው የቀን መቁጠሪያ ዞራ በጣቷ ትቆጥራለች።

«ዘጠኝ ቀን አለን» ትልና ወንበር ትስባለች። «አሁን ስለ ሰውየው ይንገሩኝ።»